ጥሩ ሣጥን አይጣልም

ላስ ቬጋስ፣ ጥቅምት 8 ቀን 1997 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ ለእትዬ ኡሙሰልማ
ደሴ

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ጾሙን አላህ ይቀበልዎ፣ ጉልበትዎን ያጽናልዎ፣ የቤትዎን ሰላም ያብዛልዎ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ልጅዎን ጁማናንና ጎረቤቶችን ሁሉ ሰላም ይበሉልኝ።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልዎ ሀቢብ ነው። እዚህ ታክሲ የሚነዳ የኮምቦልቻ ልጅ ነው፤ ኢድን እናቱ ዘንድ ሊውል እየመጣ ነው። ከደብዳቤው ጋር አንድ የብረት ሣጥን ያስረክብዎታል። ውስጡ የደም ግፊት መለኪያ፣ ለእርስዎ ተረከዙ ዝቅ ያለ ጫማ፣ ለጁማና ጃኬት፣ ከቻይናታውን የገዛኋቸው የሻይ ብርጭቆዎችም አሉ። ጫማው ከጠበበ ለጁማና ይስጧት እንጂ እግርዎን አያሠቃዩ፤ አውቅዎታለሁ።

ስለ ሥራዬ ጠይቀውኝ ነበር። የሆቴሉን ትቼዋለሁ። የሰው ሻንጣ ስጎትት ወገቤ አለቀ፣ ቲፑም ቢሆን የሚሰጥ ይሰጣል፣ የማይሰጥ ፈገግ ብሎ ያልፋል። አሁን ለሆስፒታሎች መድኃኒት በሚያደርስ ድርጅት ሾፌር ነኝ። መጋዘኑ ኖርዝ ላስ ቬጋስ ነው፤ እኔ ፓራዳይዝ ሰፈር ከሚገኘው ቤቴ ሱብሒ ሰግጄ እወጣለሁ። የምንጭነው ጨረር ያለው መድኃኒት ነው። ሐኪሞቹ በሽተኛውን ይወጉትና በመሣሪያ ልቡን ወይም አጥንቱን ፎቶ ያነሡታል። ጨረር ሲባል አይደንግጡ። መድኃኒቱ ጨረር በማያሳልፍ የእርሳስ ብረት ዕቃ ይከደናል፣ የእርሳሱ ዕቃ በስፖንጅ ይታቀፋል፣ ያ ሁሉ ደግሞ የብረት ሣጥን ውስጥ ይቆለፋል።

ሣጥኑ ራሱም ስጦታ ነው። ዘንድሮ ድርጅቱ አዲስ ዓይነት ሣጥን አስመጥቶ አሮጌዎቹን ከሥራ አወጣቸው። ግድግዳ ሥር ተከምረው የሚጣሉበትን ቀን ሲጠብቁ ሳይ አላስቻለኝም። እዚህ አገር ሰው ጥሩ ሣጥን ሲጥል ቅር አይለውም። አንዱን ወሰድሁ፣ ላዩ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት በቢላ ፋቅሁት፣ ስፖንጁን አውጥቼ በደረቅ ጨርቅ ወለወልሁት። አይጥ አይደፍረውም፣ ዝናብ አይገባበትም፣ ዕድሜ ልክ ያገለግልዎታል።

ዱዓዎ አይለየኝ።

ልጅዎ ሙሐመድዘይን


ደሴ፣ ኅዳር 12 ቀን 1997 ዓ.ም.

ለወንድሜ ልጅ ለሙሐመድዘይን

ወዓለይኩም ሰላም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ አንተ ከምትነዳውም መኪና፣ ሌላው ከሚነዳብህም ይጠብቅህ። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ እንደ ቀበሌ ስብሰባ ነው፤ ሲለው ይነሣል፣ ሲለው ይበተናል። ኢድን በሰላም አሳልፈናል።

ሀቢብ ጨዋ ልጅ ነው። ሣጥኑ ኮምቦልቻ ላይ ከአውቶቡስ ጣሪያ ሲወርድ ከረዳቱ እጅ አምልጦ አስፋልት ላይ መከስከሱን ሳይደብቅ ነገረኝ። ሌላው ቢሆን ከፍተን እስክናየው ዝም ይል ነበር። ከፈትነው፤ አንድ ብርጭቆ አልተሰነጠቀም። ክዳኑ ብቻ በአንድ ጥጉ ተወላግዶ ነበር፣ በመዶሻ መታ መታ አድርጌ አቃናሁት። ጫማው ልክ ነው። በግፊት መለኪያው የሰፈሩ ሴት ሁሉ ተሰልፋ ተለክታለች። የባለሱቋ የሰኢዳ ከሁላችንም በለጠ፤ እሷ ግን ማሽኑ ያዳላል ብላ አኩርፋ ሄደች።

አሁን ዋናውን ልንገርህ። ጁማና ፀንሳለች። ሁለት ጊዜ ሳይጠናላት መውጣቱን ታውቃለህ፤ ያን ጊዜ የነበረውን ለቅሶዋንም ታውቃለህ። አሁን ሦስተኛ ወሯን ይዛለች። ባሏ የጅቡቲ መንገድ ላይ ነው የሚውል የሚያድረው፤ ስለዚህ እኔ ጋ አምጥቼ አስተኝቻታለሁ። ሐኪሙ ከባድ አታንሺ ብሏታል፤ እኔ ደግሞ ቀላልም አታንሺ ብያታለሁ። አምሮቷ በሶ ነው። ቆልቼ አስፈጭቼ ያንን ያንተን ሣጥን ሞልቼላታለሁ፤ ከአልጋዋ ግርጌ አስቀምጬላት እጇን ሰደድ እያደረገች ትዘግናለች። ሣጥኑን የሠራው ሰው ገነት ይግባ። ጸጉሯን ስሠራት የምትቀመጠውም እሱ ላይ ነው።

ያንተስ ነገር እንዴት ነው? እዚያ አገር ሴት ጠፋ? እኔ እዚህ ዓይኔን የጣልሁባት ልጅ አለች፣ አንተ ግን ወሬውን ትወዳለህ እንጂ አትጨርስም።

አክስትህ ኡሙሰልማ


ላስ ቬጋስ፣ ታኅሣሥ 18 ቀን 1997 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ ጤናና ረጅም ዕድሜ ይስጥልኝ። የጁማናን ነገር ሳነብ በጣም ደስ አለኝ፤ አላህ በሰላም ያገላግላት።

እትዬ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎ። ሣጥኑን ከጁማና አልጋ ግርጌ ያንሡልኝ። በሶውንም ይተዉት፣ አዲስ ይቆላላት፤ ብረት ውስጥ የቆየ እህል ሽታ ይይዛል። ሣጥኑ ውጭ ማገዶ ቤት ቢቀመጥ ጥሩ ነው፤ የእርስዎ ጓዳ እንደሆነ ድሮም ዕቃ በዝቶበታል። እኔ ከዚያ የተሻለ አዲስ የፕላስቲክ ዕቃ እልክልዎታለሁ።

ክዳኑ ተወላገደ ያሉኝ በየት በኩል ነው? ከውስጥ ዙሪያውን ጥቁር ጎማ አለው፤ ጎማው ተቀዷል ወይ? ከፋቅሁት ወረቀት የተረፈ ቁጥር ይታይ እንደሆነም ቢጽፉልኝ ደስ ይለኛል። እንዲሁ ለማወቅ ያህል ነው።

ሥራ ቦታ ትንሽ ግርግር አለ። የደኅንነት ተቆጣጣሪ መጥታ ሣጥኖቹን አንድ በአንድ ቼክ እያደረገች ነው። የተለመደ ነገር ነው፣ አያስቡ። ጁማና ትበላለች? አያቅለሸልሻትም? ራሷን አያዞራትም? ሐኪም ዘንድ መሄድ አታቋርጥ።

ልጅዎ ሙሐመድዘይን


ደሴ፣ ጥር 20 ቀን 1997 ዓ.ም.

ለሙሐመድዘይን

ወዓለይኩም ሰላም። አላህ ልብ ይስጥህ፤ ዛሬ ምርቃቴ ይኸው ነው።

እርጉዝ ሴት ያቅለሸልሻታል ወይ ብሎ የሚጠይቅ ወንድ በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም። ይህ አልበቃህ ብሎ ደግሞ በሰኢዳ ስልክ አስጠራኸኝ። ሰው ሞተ ብዬ ነጠላዬን እየጎተትሁ ብመጣ፣ ሰላምታው ሳያልቅ ሣጥኑን አወጡት ወይ አልኸኝ። ከኋላዬ ሱቁ ሙሉ ሰው ቆሟል፣ ሰኢዳ ስኳር እየመዘነች ጆሮዋን ጥላብኛለች። ለምን ስልህ ሌላ ጊዜ እጽፍልዎታለሁ ብለህ ዘጋኸው። ከዚያ ወዲህ መንገድ ሲቆፍሩ መሥመሩን በጥሰውት የሰፈሩ ስልክ ሞቷል፤ ስለዚህ በስልክ ዳር ዳር ልትልብኝ አትችልም።

እኔ ነጋዴ አግብቼ ነጋዴ የቀበርሁ ሴት ነኝ። ዕቃ ሰጥቶ ስለ ዕቃው መልሶ መላልሶ የሚጠይቅ ሰው ምን እንዳስጨነቀው አውቃለሁ። ቁጥሩ ይታያል ወይ ትላለህ። ተቆጣጣሪ መጥታ ሣጥን እያየች ነው ትላለህ። ከቤት አውጡት ትላለህ። ሙሐመድ፣ ሣጥኑን ሰርቀኸዋል? አላህ ይዘንለትና አጎትህ ያን ሁሉ ዘመን ሲነግድ የሰው ክር እቤቴ አልገባም። ልጄ ሐራም ዕቃ ላይ ተቀምጣ ጸጉሯን ስትሠራ ኖራለች ማለት ነው።

ማገዶ ቤት አስገብቼ በማዳበሪያ ሸፍኜዋለሁ። እስክትመልሰው ድረስ አደራ ነው እንጂ የኔ ዕቃ አይደለም። በሶውን ግን አልደፋም፤ ገብሱ የራሴ ነው፣ የሚበላ ነገር መድፋትም ነውር ነው። ወደ ቅል ገልብጬላታለሁ። ለጠየቅኸው መልስ፦ ጎማው በተወላገደው ጥግ በኩል ተበጥሷል። ቁጥር የሚባል ነገር የለም፤ አጥርተህ ፍቀኸዋል። ለዚህ ለዚህማ ጎበዝ ነህ።

ጁማና ባለፈው ሳምንት ትንሽ ደም አየች። ሐኪሙ ተኝተሽ ቆዪ ብሏታል። አሁን ቆሟል። እኔ ግን ከእንግዲህ እንቅልፍ የለኝም፤ በዱዓ ነው የሚነጋልን። አንተም ዱዓ አድርግ፣ የሰው ንብረት ከሆነም ተውበትህን አትርሳ።

አክስትህ


ላስ ቬጋስ፣ የካቲት 14 ቀን 1997 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ይህን ደብዳቤ በፖስታ አላመንሁትም፤ ወንድይራድ የሚባል ሰው በእጁ ያደርስልዎታል። ሲያነቡት ብቻዎን ይሁኑ፤ ጁማና አትስማ።

አልሰረቅሁም። ስርቆት ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር።

ኅዳር ላይ ከአንድ ሆስፒታል አንዲት ትንሽ ነገር ተመለሰች። ሐኪሞች መሣሪያቸው በትክክል መሥራቱን የሚፈትኑባት፣ ጨረር ያላት ናት። እኛ የምናመላልሰው መድኃኒት በጥቂት ቀን ውስጥ ጨረሩ ራሱ ይሞታል። ይህቺ ግን የሰው ዕድሜ ያህል ትቆያለች። ስትመረመር ሽፋኗ ተሰንጥቆ ውስጧ ያለው የላመ ነገር መውጣት እንደጀመረ ታየ። ወደ ሆስፒታሉ የሄደችው ከአሮጌዎቹ ሣጥኖች በአንዱ ነበር። ተቆጣጣሪዋ የመጣችው ለዚህ ነው። የዚያ ሣጥን ቁጥር መዝገብ ላይ አለ፣ ሣጥኑ ግን መጋዘን ውስጥ የለም። ወይ ከተጣሉት ጋር ተጨፍልቋል፣ ወይ እርስዎ ቤት ያለው ነው። ቁጥሩን የፋቅሁት እኔ ስለሆንሁ የትኛው እንደሆነ የሚለይ ሰው የለም።

ደንቡ እንዲህ ነው፦ ከሥራ የወጣ ሣጥን ውስጡ በጨርቅ ይጠረጋል፣ ጨርቁ በመሣሪያ ይለካል፣ ንጹሕ ከሆነ ወረቀቱ ተልጦ ይጣላል። የተለካው በአንድ ወገን፣ ያልተለካው በሌላ ወገን ነው የሚከመረው። እኔ ሁለቱም ክምር አንድ መስሎኝ ደህናውን ስመርጥ ካልተለካው ወገን አነሣሁ።

ተቆጣጣሪዋ ሣጥኖቹን ስትፈትን ቆሜ አየሁ። ዕቃን እንዲህ የሚያሠቃይ ሰው አይቼ አላውቅም። እንደ ዝናብ ውኃ ታዘንብባቸዋለች፣ ከባድ ነገር ትጭንባቸዋለች፣ የብረት ዘንግ ትለቅባቸዋለች፣ ከዚያ በጥጋቸው በኩል ሲሚንቶ ላይ ትጥላቸዋለች። አዲሶቹ ምንም አልሆኑም። አሮጌው ሲወድቅ ክዳኑ ተፈናጥሮ ጎማው ተበጠሰ። የእርስዎ ሣጥን ከአውቶቡስ ጣሪያ መውደቁ ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። ይህን ሁሉ እያየሁ ሥራዬን ፈርቼ ዝም አልሁ። የተጨፈለቀው ነው፣ የእርስዎ አይደለም እያልሁ ራሴን ስሸነግል ከረምሁ። ደም አየች ብለው ሲጽፉልኝ ግን መሸንገል አልቻልሁም።

መጀመሪያ የነገርሁት ለስለሺ ነው። ሥራ የሚያከፋፍለን የአዲስ አበባ ልጅ፣ ቸርች የማይቀር ሰው ነው። ሰምቶ ሲጨርስ፣ «ሙሐመድ፣ ዛሬ ለተቆጣጣሪዋ ካልነገርሃት እኔ እነግራታለሁ። ጓደኛዬ ስለሆንህ እስከ ላንች ሰዓት እጠብቅሃለሁ» አለኝ። አልጠበቅሁም፣ ያኔውኑ ገባሁ።

ሴትዮዋ አልጮኸችብኝም። በመጀመሪያ የጠየቀችኝ እርጉዟ አሁን የት ናት ብላ ነው። ከዚያ መዝገቧን ገልጣ አየች። «ምንም የለበትም ብዬ አምናለሁ» አለችኝ፤ «የእኔ እምነት ግን ለእርጉዝ ሴት አይበቃትም። ይለካ።» አዲስ አበባ ጨረር የሚለካ መሥሪያ ቤት አለ፤ እዚያ ወይዘሪት ብርቅታይት ለምትባል ባለሙያ በስልክ ነግራ ደብዳቤም ልካለች።

እትዬ፣ ሣጥኑን ሳይከፍቱ በድርብ ላስቲክ ጠቅልለው ወደ እሷ ይውሰዱልኝ። የተረፈውን በሶና የጁማናን ብርድ ልብስም ለየብቻ ይጠቅልሉ። እጅዎን ይታጠቡ። መኪና ላይ ከሰው ራቅ ብሎ ይጫን። እኔ እስኪጣራ ከሥራ ታግጃለሁ፤ እሱ አላሳሰበኝም። ለጁማና ምን እንደሚሉ አላውቅም። አውፍ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ ለማለት ገና ድፍረቱ የለኝም።

ሙሐመድዘይን


ደሴ፣ መጋቢት 20 ቀን 1997 ዓ.ም.

ለልጄ ለሙሐመድዘይን

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አብሽር። ሌላውን ከማንበብህ በፊት አብሽር። ደህና ነን።

አሁን ልስደብህ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል ሰምተህ አታውቅም? ሣጥን አውጡ፣ ጎማ እዩ፣ ቁጥር ፈልጉ ስትለኝ ከምትከርም አንዲት መሥመር እውነት ብትጽፍልኝ በታኅሣሥ ወር ይህን መንገድ በሄድሁ ነበር። እኔ የእህል ነገር ሆኖብኝ ያንን በሶ ልጄን ሳበላት ከረምሁ። ደብዳቤህን ሳነብ አንተን አግኝቼህ ቢሆን እዚያው ነበር የምመታህ። ስድቡ አልቋል።

ለጁማና አዲስ አበባ ዘመድ ታሟል አልኋት። ለሰኢዳ አደራ ሰጥቻት በንጋታው ተነሣሁ። የአውቶቡሱን ረዳት ሣጥኑን ጣሪያው ላይ ከወደ ኋላ፣ ከሰው ዕቃ ለይተህ ብቻውን እሰርልኝ አልሁት። ምንድን ነው ቢለኝ የሰው አደራ ነው አልሁት። እንዲያ ስሳሳለት ያየ ተሳፋሪ ሁሉ ወርቅ መስሎት፣ ጣርማ በር ላይ ለምሳ ስንወርድ አንድ ሽማግሌ አጠገቤ መጥቶ ልጅሽ ዐረብ አገር ናት ወይ አለኝ። አሜሪካ ያለ የወንድሜ ልጅ ነው፣ ገና ያልተለካ ነገር ልኮልኝ ነው አልሁት።

ብርቅታይት የጁማና እኩያ ናት። ስትቀበለኝ ብድግ ብላ ነው፤ ከአሜሪካ የተጻፈላት ደብዳቤ ጠረጴዛዋ ላይ ነበር። ጓንት አጥልቃ ሣጥኑን ከፈተችው። መሣሪያው እጀታ ያለው ትንሽ ነገር ነው፤ ጨረር ባገኘ ቁጥር ጥ፣ ጥ፣ ጥ ይላል። ክዳኑን ለካች፣ የተበጠሰውን ጎማ ለካች፣ ውስጡን በነጭ ጨርቅ ጠርጋ ጨርቁን ሌላ ማሽን ውስጥ ጨመረች። በሶውን፣ ብርድ ልብሱን፣ የእኔንም እጅ ለካች። ፊቷን አያለሁ፣ ፊቷ ምንም አይናገርም። ልቤ ከመሣሪያው ይፈጥን ነበር። ምን አለ ስላት ትንሽ ይታገሡኝ ትለኛለች። ከዚያ መሣሪያውን ይዛ ወደ በሩ ሄደችና ደጁ ላይ ወደተነጠፈው ድንጋይ አስጠጋችው። ከሣጥኑ ይልቅ ለድንጋዩ ፈጠን ፈጠን ብሎ ጮኸ። ሰው ይህን ድንጋይ ዘመኑን ሁሉ ሲረግጠው ይኖራል፣ ምንም አይሆንም አለችኝ።

«እማማ፣ ሣጥኑ ንጹሕ ነው። በሶውም ንጹሕ ነው። ከዚህ ሣጥን ወደ ልጅዎ የሄደ ምንም ነገር የለም።»

አላመንኋትም። ማሽን ያዳላል የሚለው የሰኢዳ ነገር ያን ጊዜ ነው ትዝ ያለኝ። ብርቅታይት ፊቴን አይታ ሳቀች። ጓንቷን አውልቃ እጇን ታጠበች፣ ከበሶው አንድ እፍኝ በብርጭቆ አድርጋ በውኃና በስኳር በጥብጣ ፊቴ ጠጣችው። አገዳው ጥሩ ተቆልቷል አለችኝ፤ ገብሱን ማለቷ ነው፣ የከተማ ልጅ ናት። አለቃዋ ቢያያት ምን እንደሚላት አላውቅም። እኔ ግን እዚያው ወንበሯ ላይ ተቀምጬ አለቀስሁ። ደም ማየቷን ነገርኋት፤ እሱ ከጨረር የሚመጣ አይደለም፣ የሐኪሟን ምክር ትስማ አለችኝ።

ሣጥኑን አሜሪካ ያለችው ሴትዮ ይጥፋ ብላለች፣ ከወደቀ ወዲህ ለምንም አይታመንም። መጋዝ አምጥተው ፊቴ ቆረጡት። ያን የመሰለ ብረት። ክዳኑን እንኳ ስጡኝ ብላቸው እምቢ አሉኝ።

ቤት ስደርስ ጁማና በረንዳው ላይ ቆማ ነበር። ገና ከበሩ «ንጹሕ ነው» አልኋት። ምኑ አላለችኝም። እዚያው ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ለካ ወንድይራድ ደብዳቤውን መጀመሪያ የሰጠው ለእሷ ነው፤ አንብባ በሊጥ መልሳ አሽጋዋለች። እኔ እሷ እንዳትሰማ ስደብቅ፣ እሷ እኔ እንዳልጨነቅ ስትደብቅ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ የሚባለው እንዲህ ያለውን ነው። ሣጥኑ ከአልጋዋ ግርጌ ከተነሣ ወዲህ ጠርጥራ፣ በሶውን እየበላሁ ነው እያለችኝ ለዶሮዎቹ ስትበትንላቸው ነበር። ዶሮዎቹም ደህና ናቸው።

ያን ሌሊት ሁለታችንም አንድ አልጋ ላይ ተኛን። እኔ ከወራት በኋላ እንቅልፍ ወሰደኝ።

አክስትህ ኡሙሰልማ


ላስ ቬጋስ፣ ሚያዝያ 15 ቀን 1997 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ የሄዱበትን መንገድ በምንዳ ይመልስልዎ፣ በሶውን የጠጣችውንም ልጅ ጤና ይስጣት።

ብርቅታይት ውጤቱን በፋክስ ለተቆጣጣሪዋ ልካ ስለነበር፣ ስለሺ በእኩለ ቀን ደውሎ ነገረኝ። «ክሊን ነው፣ ክሊን ነው» ብቻ ይል ነበር። መኪናዬን መንገድ ዳር ፓርክ አድርጌ ወርጄ አሸዋው ላይ ሱጁድ ወረድሁ። አንድ ፖሊስ አልፎኝ ሄዶ ተመለሰና ደህና ነህ ወይ አለኝ። ዛሬስ ደህና ነኝ አልሁት። የእርስዎ ደብዳቤ ከዚያ በኋላ ነው የደረሰኝ፤ አብሽር የምትለዋን ቃል ግን እያወቅሁ እንዳላወቀ ሰው ደጋግሜ አነበብኋት።

ሌላም መልካም ዜና አለ። ያቺ የተሰነጠቀችው ነገር የተጓዘችበት የእርሳስ ዕቃ ሌላ ከተማ ለምርመራ ተልኮ ነበር፤ ውጤቱ መጣ። የወጣው ሁሉ እዚያው እርሳሱ ውስጥ ተገኝቷል። ወደ ስፖንጁም ወደ ሣጥኑም ያለፈ የለም። የእርስዎ ሣጥን ያኛው ቢሆንም ባይሆንም ምንም አይነካችሁም ነበር። ተቆጣጣሪዋ ይህን ስትነግረኝ፣ ዕቃው ሥራውን ሠርቷል፣ ሥራውን ያልሠራኸው አንተ ነህ አለችኝ። ተቀበልሁ።

ከሥራ አላባረሩኝም። ራሴ ቀርቤ ስለተናገርሁ በማስጠንቀቂያ ታልፌያለሁ፣ ካለፈው ሰኞ ጀምሮ ወደ ሺፍቴ ተመልሻለሁ። ደንቡም ተለውጧል፤ ከሥራ የወጣ ሣጥን ተለክቶ በዚያው ቀን ይቆረጣል። ቆራጭ ያደረጉት እኔን ነው። ደህና ደህናውን ብረት ስቆርጥ እቆጫለሁ፤ እርስዎም እንደተቆጩ ስላወቅሁ ብቻዬን አይደለሁም።

አሁን ድፍረቱን አግኝቻለሁ። አውፍ በሉኝ። ጁማናም አውፍ ትበለኝ፤ እሷ እንኳ ዝም ብትለኝ አልፈርድባትም። ቀኗ ተቃርቧልና ልቤ እዚያው ነው።

ልጅዎ ሙሐመድዘይን


ደሴ፣ ግንቦት 30 ቀን 1997 ዓ.ም.

ለልጄ ለሙሐመድዘይን

ወዓለይኩም ሰላም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ ደስታህን ደስታችን፣ ደስታችንን ደስታህ ያድርገው።

ጁማና በሰላም ተገላግላለች። ወንድ ነው። ምጧ ረዝሞ አስፈራርቶን ነበር፤ እሱ ግን ከወጣ በኋላ ጩኸቱ እስከ ሰኢዳ ሱቅ ድረስ ተሰማ። አዋላጇ ሙሉ ነው፣ ጤናማ ነው አለችኝ፤ እኔ ግን ጣቶቹን ራሴ ቆጠርሁ። ባሏም ከጅቡቲ ደርሶ በሰባተኛው ቀን ስሙን ሚቅዳድ አልነው። በግ ታርዷል፤ ያንተን ድርሻ ለተቸገረ ሰጥቼልሃለሁ።

አውፍ ብዬሃለሁ። የጁማናን እኔ አልናገርላትም፤ ወረቀቱን ከጎኗ ትቼላታለሁ፣ ራሷ ትጻፍልህ።

አክስትህ ኡሙሰልማ

ወንድሜ ሙሐመድዘይን፣

ጃኬቱ ልክ ነበር፤ እስካሁን ሳላመሰግንህ ቆየሁ። ተናድጄብህ ነበር፣ አሁን አይደለሁም። ሚቅዳድ እየጠባ ነው የምጽፍልህ። በአንድ እጄ ይዤዋለሁ፣ ወረቀቱ ጉልበቴ ላይ ነው፣ እሱም እግሩን ያወራጫል። ጽሑፌ የተንጋደደው ለዚያ ነው፤ ሌላ እንዳይመስልህ።

ጁማና